ዱግዳ

በመዝገብ ላይ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤
ባልዲና በረኪና፣ መጥረጊያ ያለኝ።
ግን ክፍል ሦስት ውስጥ ሲጨንቀው ሐኪሙ
“መፍቱሃ!” ይለኛል፣ ሲጠፋበት ስሙ፣
የሕመሙ ስም።
እጄን በሽርጤ ጠርጌ እገባለሁ፣
በኦሮምኛ ሰምቼ በአማርኛ አወጣለሁ፤
ሶማሊኛውንም፣ ሐረሪውንም እንደዚያው
(ድሬ ያደገ ሰው የቱ ቋንቋ ይጠፋው?)
ለዚህ ደሞዝ የለም። መቀመጫም የለም።
ቆሜ ነው የምናገር የሌላውን ሕመም።

ዶክተር ይበልጣል ልጅ ነው፣ የጎጃም ሰው፣
የድሬ ሙቀት ገና ያልለመደው።
ጥሩ ልጅ ነው፤ መጽሐፉ ያለውን ያውቃል፤
መጽሐፉ ያልሰማውን ግን ማን ይነግረዋል?

ማክሰኞ ነው። ኢፍቱ ከዋሂል ማዶ መጣች፣
ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ፤
አይ፣ ተቀምጣ አልልም፤ በጎኗ ተጋድማ፣
የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ በአጥንቷ ተሸክማ።
ወንበር ሰጣት። አልተቀመጠችም።
ግድግዳውን ደገፍ አለች፤ ቃል አልተነፈሰችም።
“ምንሽን ነው?” አልኳት በቋንቋዋ፣ ቀስ ብዬ።
“ዱግዳ” አለች።
“ወገቤን ነው የምትለው” አልኩት፣ ቃሏን ተከትዬ።
“ክኒን እጽፋለሁ፣ ዕረፍት ታድርግ” አለና
ብዕሩን አነሳ፤ ደጅ ያለው ሰው ብዙ ነውና።

ዕረፍት! ይሄን ቃል በየት በኩል ላሻግረው?
ነገሩ በሌለበት አገር፣ ቃሉ ምን ሊያደርግ ነው?

እኔ ግን ዱግዳን አውቀዋለሁ፣
ሃያ ዓመት ሰምቼዋለሁ።
የዋሂሏ ዱግዳ ትበል፣ የሽኒሌዋ ደበር፣
ሲተረጎም ሁሉም ወገብ ነው፤ ወገብ ብቻ ቢሆን ምን ነበር!
ወገብ በር ነው፣ ከውጭ የሚታይ፤
ቤቱ ከስር ነው፣ አፍ የማይጠራው ጉዳይ።

“ቆይ” አልኩት ዶክተሩን። “ቆይ፣ አልጨረሰችም።”
(እንኳን ልትጨርስ፣ ገና አልጀመረችም።)
ተጠጋኋት፤ መጥረጊያዬን በመሃላችን አቆምኩ፣
“ስንተኛሽን ወልደሽ ነው የወረደው?” ብዬ ጠየቅኩ።
ዓይኗ ወርዶ ያጠብኩትን ሲሚንቶ አየ፤
ከንፈሯ ሁለቴ ተከፍቶ ያለ ድምፅ ቆየ።
ከዚያ መጣ። እንደ ደቻቱ። ታውቁት የለ ደቻቱን፣
ዓመት አሸዋ ሆኖ ከርሞ፣ በአንድ ሌሊት ሲያወጣ ድምፁን።

አራተኛዋን በወለደች በሰባተኛው ቀን
ማገዶ ተሸክማ ወረደች ቁልቁለቱን፤
ያኔ ነው የከዳት። ስምንት ዓመት ሆነው።
በጨርቅ አስራ፣ በእጇ ደግፋ ነው የኖረችው።
ባሏ ሌላ አገባ። እሱን አልተረጎምኩም፤
ሐኪም የሚያድነው አልመሰለኝም።
ሌላውን ሁሉ አልኩት፣ ቃል በቃል፣ ሳላሳምር፣
“ማህፀን” ብዬ፣ በወንድ ፊት፣ ሳላፍር።
ውሸት ነው። አፍሬያለሁ። ድምፄ ግን አላፈረም።
ብዕሩን አስቀመጠ፤ ላብ አጥምቆት ነበር፣ አልጠረገም።
“ስምንት ዓመት?” አለ። “ይህ እኮ ይድናል!”

ያቺን አንዲት ቃል ማሻገር ከሁሉም ይከብዳል።
ሦስቴ አስደገመችኝ። አራተኛውን ለራሷ አለችው፣
በሹክሹክታ፣ ሰው ትኩስ ነገር ሲቀምስ
እንዳያቃጥለው እንደሚፈራው።

ወረቀት ተጻፈ፣ ለሐረር፣ ለቀዶ ጥገና።
ወረቀት ግን መኪና አይሆንም፣ አልጋም አይሆንምና
ከካርድ ክፍሏ፣ ከፋርማሲው፣ ከዘበኛው
በሻሼ ለቀምኩ፤ ጎደለ፤ የቀረውን ዶክተሩ ሞላው።
ተራዋ ከአራት ወር በኋላ ነው አሉ።
እኔም ወደ ባልዲዬ።

በቀደም፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ ከነፋሱ በፊት፣
በሩ ላይ አየሁ ቀጥ ብላ የቆመች ሴት፤
በእጇ ሦስት ማንጎ፣ በጀርባዋ ምንም።
ኢፍቱ ናት። መጀመሪያ አላወቅኋትም፤
ሄዳ አግዳሚው ላይ፣ እንደ ማንም ሰው፣ ቁጭ አለች።
ከኋላዋ አራት ሴቶች። አንዷ ምርኩዝ ይዛለች፣
አንዷ ገና ልጅ ናት፣ ጡቷ ልብሷን ያራሰው።
“ምናችሁን ነው?” አልኩ።
እርስ በርስ ተያዩ።
“ዱግዳ” አለች የፊተኛዋ።
“ዱግዳ” አሉ የቀሩት።

መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩና
ክፍል ሦስትን አንኳኳሁ።
“ዶክተር፣ ወንበር ጨምር” አልኩት፤
“አራት ለእነሱ።
አንድ ለእኔ።”